የሰባ ዘጠኝ ቤት ደስታ

ከሲሚንቶ ፋብሪካው ሥር ባለው ሰፈር ልብስ ታጥቦ ውጭ አይሰጣም። የሚሳሳት አዲስ ገቢ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ። ነጩም ጥቁሩም ግራጫ ሆኖ ይመለስለታል። መስኮት የሚከፈተው ፋብሪካው ለጥገና ሲቆም ነው፤ ይህም በዓመት ሁለቴ ቢሆን ነው። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል ይባላል። ሌላ መሄጃ ማጣት ልማድ ከተባለ፣ አዎ ለምዶታል።

መዝጋቢዋ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ሥራ ከፈታች ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት የክልሉ ጥናት ቢሮ ለአንድ ወር መዝጋቢዎች እንደሚፈልግ ሰማች፤ አመለከተች፤ ተቀጠረች። ሥራው በር ማንኳኳት፣ ቅጹን ማንበብና የሰውን መልስ በእርሳስ ማጥቆር ነው። ጥያቄዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ዋናው የመጨረሻው ነው። «በተወለዱበት ክልል መኖር ያስደስትዎታል? ወይስ ቢችሉ ወደ ሌላ ክልል ይሄዳሉ?»

የጥያቄውን ጉድ አስተባባሪው በሥልጠናው መጨረሻ በሩን ዘግቶ ነገራቸው። ከወንዙ ማዶ ያለው ክልል፣ አየሩ ንጹሕ በሆነ ሜዳ ላይ ቤቶች ሠርቶ ጨርሷል። የፋብሪካው አቧራ ከሚወርድባቸው ሁለት ሰፈሮች አንዱ ወደዚያ ይዛወራል። የትኛው? «እሄዳለሁ» ባይ የበዛበት። ይህንን ለነዋሪ ያወራ መዝጋቢ ከተገኘ ግን የዚያ ሰፈር ቅጽ በሙሉ ይጣላል።

«ሰው ቤት አገኛለሁ ብሎ እንዲዋሽ አንፈልግም» አለ አስተባባሪው። ሰው ሌላም የሚዋሽበት ምክንያት ይኖረዋል ብሎ አላሰበም። ቢሮ ውስጥ ሲቀመጡ ብዙ ነገር አይታሰብም።

መዝጋቢዋ ግን ደስታዋን መደበቂያ አጣች። አባቷ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ በከረጢት ሲሞላ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ድሮ ወሬ ከጀመረ ስለማያቆም ሰፈርተኛው «ሬዲዮ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ስሙ ዛሬም አለ፤ ድምፁ ግን ተቆራርጧል። አንዲት አጭር ነገር ተናግሮ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። ሐኪሙ የሳንባውን ፊልም ካየ በኋላ እሷን ለብቻዋ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ «ከዚህ አቧራ አውጪው። መጪውን በጋ እዚሁ ከከረመ እኔ የማደርግለት ነገር የለም» ብሏታል። ማውጣት ማለት ሌላ ቦታ ቤት መከራየት ነው፤ በእሱ ጡረታ ደግሞ በረንዳም አይከራዩም። እሱ ራሱ ትራሱን ደገፍ ብሎ፣ «ማዶ ብሆን እኮ እንደ ሰው እተነፍስ ነበር» ሲላት ስንት ጊዜ ሰምታለች።

ልትነግረው ዳድቷት ነበር። ግን ሬዲዮ ምስጢር አይቋጥርም። ለእሱ ሹክ ያሉት ነገር ከሰዓት ሳይሆን ገበያ ይደርሳል። ደግሞስ መንገሩ ለምን ያስፈልጋል? እዚህ ብናኝ ውስጥ ተቀምጦ «ደስ ብሎኛል» የሚል ምን ዓይነት እብድ አለ? ብላ ተወችው።

የመጀመሪያዋ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ሁለት አስም ያለባቸው ልጆች አሏት፤ የምትሰፋውን ጨርቅ ሳይቀር በላስቲክ ሸፍና ነው የምትውለው።

«እትዬ፣ በተወለዱበት ክልል መኖር ያስደስትዎታል? ወይስ ቢችሉ ይሄዳሉ?»

«የት አባቴ ልሂድ! ደስተኛ ነኝ። በጣም ደስተኛ ናት ብለሽ ጻፊ።»

«በጣም የሚል የለም እትዬ።»

«እንግዲያው ደመቅ አድርገሽ አጥቁሪው!»

መዝጋቢዋ ቀልድ መስሏት ትንሽ ጠበቀች። ልብስ ሰፊዋ ግን እርሳሱን ዓይን ዓይኑን እያየች ነበር። አጠቆረችው።

ጎሚስታው ዘንድ ሄደች። ይሄ ሰውዬ ባለፈው ሳምንት፣ ከዚህ ሰፈር ለሚያወጣው ሰው ዕድሜ ልኩን ጎማ በነፃ እንደሚለጥፍ በመንገዱ ሁሉ ሲለፍፍ ሰምታዋለች። ያንን አስታወሰችው።

«እሱ ጨዋታ ነው» አለ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ። «ይሄ የመንግሥት ወረቀት ነው። ደስተኛ ነኝ። አየሩም ተስማምቶኛል።» ይህን ብሎ ሳይጨርስ ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰ።

ጡረተኛው አስተማሪ ደግሞ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደ ቃል ጽሕፈት አስጻፋት። «በክልሌ መኖር እጅግ ያስደስተኛል። አራት ነጥብ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ቀን አለፈ። ጥያቄውን ቀስ ብላ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ደገመችው። «አይቸኩሉ፣ በደንብ ያስቡበት» አለች። እሷ በአፏ ሳትናገር በዓይኗ ለመነቻቸው፤ እነሱ የባሰ ፈገግ አሉላት። ግድግዳዋ የተሰነጠቀባት አንዲት መበለት ደጃፍ ላይ እርሳሷን «እሄዳለሁ» የሚለው ክብ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ማን ያያል? ግን ከየአምስቱ ቤት አንዱን አስተባባሪው ራሱ ተመልሶ ይጠይቃል፤ አንድ የተዛባ መልስ ካገኘ የሰፈሩን ቅጽ ይጥለዋል። እርሳሷን አነሳችና መበለቲቱ ያለችውን ጻፈች።

መዝጋቢ የራሱን ቤት አይመዘግብም። የእነሱን ቤት ልትመዘግብ የመጣችው ከሌላ ሰፈር የሆነች ቀጭን የሥራ ባልደረባዋ ነበረች። መዝጋቢዋ ጓዳ ገብታ በመጋረጃው በኩል አዳመጠች። የመጨረሻው ጥያቄ ሲደርስ እጆቿን እርስ በርስ ጨመቀቻቸው። ሌላው ቢቀር እሱ እውነቱን ይናገራል።

«ደስተኛ ነኝ ልጄ» አለ አባቷ። አረፍ አለ። «ከዚህ… የትም አልሄድም።»

ከዚያ ይዞት የቆየው ሳል አመለጠው። ቀጭኗ ልጅ ደንግጣ ውኃ ፍለጋ ተነሳች።

እንግዳዋ ከወጣች በኋላ መዝጋቢዋ አባቷ ፊት ቆመች። «አባዬ፣ ለምን እንደዚያ አልክ?»

«ታዲያ ምን ልበል? ለእንግዳ… ብሶት ይነገራል እንዴ?»

ምስጢሩን ሳታወጣ ከዚህ በላይ ልትጠይቀው አትችልም። ተናደደችበት፤ የታመመ አባት ላይ መናደድ ደግሞ የባሰ ያናድዳል። ዕቃ እያጠበች ሳህኑን ሁሉ አንኳኳችው።

ውጤቱ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። በእነሱ ሰፈር ካሉት ሰማንያ ሁለት ቤቶች ሰባ ዘጠኙ ደስተኞች ናቸው። ከሁለተኛው፣ ጋራዡ አካባቢ ካለው ሰፈር ግን ከግማሽ በላይ «እሄዳለሁ» ብሏል። ማዶ የሚሻገረው የጋራዡ ሰፈር ሆነ፤ ጓዙንም ወዲያው መጫን ጀመረ። አስተባባሪው መዝጋቢዋን ቢሮው ጠራትና ተነስቶ ጨበጣት።

«እንዳንቺ የጠራ ቅጽ የመለሰ የለም። ተመልሼ የጠየቅኋቸው ሁሉ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ናቸው። ቋሚ አድርገንሻል።»

ደብዳቤውን ተቀበለች። እግዜር ይስጥልኝ ማለቷን እንኳ በኋላ አላስታወሰችውም።

ወደ ቤት ስትመለስ ልብስ ሰፊዋ ከበሯ ላይ ሆና ጠራቻት። «እንኳን ደስ ያለሽ! ቋሚ ሆነች አሉ! አላሳፈርንሽም አይደል?»

«እንዴት እትዬ?»

«ኧረ በይ፣ አታውቂም? አንቺ ሥልጠና ላይ በነበርሽበት ጊዜ አባትሽ በየቤቱ ዞረ እኮ። በዚያ ትንፋሹ! አንዱ ደጅ ላይ ቁጭ፣ ሌላው ደጅ ላይ ቁጭ እያለ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ‹ልጄ ስንት ጊዜ ሥራ ፈትታ ከርማ አሁን ገና አገኘች፤ የሰው ብሶት ተሸክማ ከተመለሰች ያባርሯታል፤ እባካችሁ ጥሩ ጥሩውን ንገሯት› ብሎ ለመነን። ታዲያ ሬዲዮ እንደዚያ እያቃሰተ ለምኖ እምቢ ይባላል? እዚያ ሦስቱ ቤት ብቻ ሰው አላገኘም።»

 ሴትዮዋ ደስታዋን ትጠብቅ ነበርና መዝጋቢዋ ጥርሷን አሳየቻት። ከዚያ እያንዳንዱን በር እያለፈች ሄደች፤ በእያንዳንዱ ፊት አባቷን ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሲጠብቅ ታየው ነበር። እሷ ምስጢር አይቋጥርም ብላ የዘጋችበት ሰው፣ ሰማንያ ቤት ዞሮ ለእሷ ትንፍሽ ሳይል ሰንብቷል። አንድ ቃል ነግራው ቢሆን ኖሮ!

አባቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ጠበቃት። ወሬው ቀድሟታል።

«ቋሚ… ሆንሽ አሉ!»

«ሆንኩ አባዬ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ እስኪያልፍ ጀርባውን ደግፋ ያዘችው። አጥንቱ በሸሚዙ ላይ ይቆጠራል። ከውጭ የጭነት መኪናዎች ድምፅ ይሰማል፤ የጋራዡ ሰፈር ሰዎች አልጋና ፍራሻቸውን ጭነው በዋናው መንገድ እያለፉ ነው።

«እነሱን ወዴት ነው የሚወስዷቸው?»

«ማዶ።»

«ማዶ?» ዓይኑን አነሳና አያት፤ ጥያቄው ራሱ ያስፈራው ይመስላል። «በምን… መረጧቸው? እሄዳለሁ ያለውን ነው?»

እሱ እንዲህ ሲጠይቃት ልትዋሸው እንደምትችል አታውቅም ነበር።

«አይደለም። በዕጣ ነው።»

ትከሻው እጇ ላይ ለቀቅ ሲል ተሰማት። «ዕጣ ከሆነ… ምን ይደረጋል» አለ። ወደ ትራሱ ተመለሰና እንደ ጥፋተኛ ልጅ ፈገግ አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝም? ያቺ ልጅ ስትጠይቀኝ… ደስተኛ ነኝ ያልኳት ውሸቴን ነበር። ዛሬ ቢሉኝ በእግሬም ቢሆን እሄዳለሁ።»

«አውቃለሁ አባዬ» አለችው፤ ውኃውን ወደ አፉ አስጠጋችለት። በጋው ከገባ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር።