ከመንገዱ ማዶ ያለው ቴስተር

ዊልማር በባራንኪያ ከተማ ገበያ ዳር ያለችውን፣ ቬፕ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሲጋራ የሚሸጥባትን ጠባብ ሱቅ የከፈተው ከሚስቱ ከሮስሚራ ጋር ነው። እሱ ይሸጣል፤ እሷ የደንበኞችን ባትሪ ቻርጅ ታደርጋለች። ስልክ ጠጋኙ ኔፍታሊ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ እስኪከፍት ድረስ ቤታቸው ሰላም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሮስሚራ ከቻርጀሩ ያወጣችውን ባትሪ በመዳፏ ይዛ መንገዱን መሻገር አበዛች። ኔፍታሊ የባትሪ ኃይል በሚለካበት ቴስተሩ ይለካላታል፤ ሁለቱም አቀርቅረው ቁጥሩን ያያሉ፤ አንዳንዴም ይስቃሉ። ያ ሳቅ ዊልማርን እንደ ቃር ያቃጥለው ጀመር። እሱ ሲቀልድ እንዲህ ስቃለት ታውቃለች?

አንድ ቀን አሬፓ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ እየገመጠ የገባ ደንበኛ ወደ ማዶ አየና፣ "ጌታው፣ ሚስትህ የምታስለካው ባትሪውን ነው ልቧን?" አለው።

"ጎርሰህ አታውራ፣ ያንቅሃል" አለ ዊልማር። ለመሳቅ ሞከረ፤ ፊቱ ግን እምቢ አለው።

ስትመለስ በር ላይ ጠበቃት።

"ዛሬ ደግሞ ምን አለሽ?"

"ቻርጀራችን ይዋሻል። ስክሪኑ አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ይላል፤ ባትሪው ሲለካ ግን አራት ነጥብ አራት ደርሷል። ከአራት ነጥብ ሁለት ካለፈ ሊፈነዳ ይችላል። ስንቴ ልንገርህ?"

"እኔ የገዛሁት ይዋሻል፣ የሱ ግን እውነት ይናገራል!"

"ስለ ዕቃ እኮ ነው የማወራህ።"

"እኔ ስለ ሰውየው ነው። ሁለተኛ ያንን መንገድ እንዳትሻገሪ!"

ሮስሚራ ትክ ብላ አየችውና ወደ ጓዳ ገባች። እሱም በእልህ የቻርጀሩን ቀዳዳዎች በሙሉ በባትሪ ሞላቸው። ከመሃላቸው አንዱ ሽፋኑ የተላጠ ነበር፤ አይቶ እንዳላየ አለፈው።

ፀሐይ ሲበረታ የተላጠው ባትሪ አብጦ ያፏጭ ጀመር። ዊልማር ቻርጀሩን ወደ ውጭ ሊወረውር ሲያነሳው ባትሪው ቦግ አለና መዳፉን ለበለበው። ቻርጀሩ ከእጁ ወደቀ። ሮስሚራ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ሶኬቱን ነቀለች። ኔፍታሊ አሸዋ በባልዲ ይዞ ደረሰ። እጇን ስትዘረጋ ባልዲውን ሰጣት፤ እሷ አሸዋውን ስትደፋ እሱ በእግሩ ካርቶኖቹን ከእሳቱ አራቀ። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ዊልማር እጁን አቅፎ በጭሱ መሃል ቆሞ ሳለ እንኳ ዓይኑ ከሁለቱ ላይ አልተነሳም። እንዲህ መግባባት መቼ ተማሩ?

ሮስሚራ ቁስሉን ስታጥብለት አላስቻለውም።

"ትወጂዋለሽ?"

"ስናገር ያዳምጠኛል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽህም። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። አንተም ብትሰማኝ ኖሮ እጅህ ደህና ነበር።"

በማግስቱ ዊልማር በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ይዞ መንገዱን ራሱ ተሻገረ።

"ወንድሜ፣ አንተ የምታምነው ቻርጀር የትኛው ነው?" ሲል ምላሱ እሬት እሬት አለው።

ኔፍታሊ አላሾፈበትም። ቻርጀር መረጠለት፤ ቴስተር ሸጠለት፤ አያያዙንም አሳየው።

አሁን ሮስሚራ ሱቃቸው ውስጥ ደንበኛው ፊት ትለካለች፤ ሽፋኑ የተላጠ ባትሪ አትቀበልም፤ ቻርጅ ላይ ያለውን ትታ አትሄድም። ደንበኛ በዝቷል። ኔፍታሊ ግን ጠዋት ጠዋት በደጃቸው ሲያልፍ፣ "ሮስሚራ፣ እንደምን አደርሽ?" ማለቱን አልተወም።

"ደህና አድራለች!" ይላል ዊልማር፣ እሷ አፏን ሳትከፍት።