አበባው የነበረበት

ሪካኮ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትስላለች። ቺዙሩ ከኋላዋ ቆማ በቅናት ታያታለች።

ሁለቱም ካናዛዋ በምትባል የጃፓን ከተማ አንድ ጣፋጭ ቤት ይሠራሉ። ቺዙሩ ዕድሜዋን የጨረሰችው እዚያ ነው፤ ሪካኮ ገና አዲስ ናት። ባለቤቱ ጋሼ ሙራሴ ግን ልዩነት አላደረጉም። "ለነገው የወይዘሮ ኦካቤ የሻይ ግብዣ የሚቀርበውን ጣፋጭ ሁለታችሁም ንደፉ። እሳቸው ንድፏን የመረጡላት ጡረታ ስወጣ ወንበሬን ትረከባለች" ብለው ወደ ወይዘሮዋ አትክልት ስፍራ ላኳቸው።

ቺዙሩ ከጠዋት ጀምራ ኩሬውን ስትዞር፣ በመጥረጊያ የተሰመረውን ነጭ ጠጠር ስታይ ዋለች። ምንም አልመጣላትም። ያቺ ልጅ ደግሞ ቁጭ ባለችበት ይመጣላታል።

"እትዬ ቺዙሩ፣ እስቲ ይዩልኝ።"

ወረቀቱ ላይ፣ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ በተነጠፈ የድንጋይ ሽበት ላይ አንድ ነጭ የካሜሊያ አበባ ሳይበተን እንዳለ ወድቋል። ያምራል። ምነው ባላማረ አለች ቺዙሩ በልቧ።

ከዚያ ትዝ አላት። ጠዋት በር ላይ ወይዘሮ ኦካቤ፣ ለነገ ከዚሁ ካሜሊያ ቆርጠው የሻይ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በማስቀመጫ እንደሚሰቅሉ ነግረዋታል፤ ለእሷ ብቻ። ግድግዳው ላይ ያለውን አበባ ሳህን ላይ በጣፋጭ መልክ መድገም ደግሞ በሻይ ሥርዓት አዋቂዎች ዘንድ ነውር ነው። ወይዘሮዋ ንድፉን ገና ሲያዩት ፈገግ ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል።

ቺዙሩ ደስ አላት። አፈረችበት፤ ደስታው ግን አልለቀቃትም።

"ቆንጆ ነው፤ እንዳትቀይሪው" አለች።

"ሽበቱ ግን ገንፎ አልመሰለብኝም?"

"ገንፎማ ነው። የጣፋጩ የቦሎቄ ሊጥ ቀዳዳው ሰፊ በሆነ ወንፊት ተገፍቶ ክር ክር እያለ ነው መውጣት ያለበት። አምጪው ባክሽ።"

ለሚወድቅ ሥራ ብረዳ ምን ይጎዳኛል ብላ እርሳሱን ተቀበለች። እጇ ግን ማበላሸት አያውቅም፤ ሽበቱ ነፍስ ዘራ። ሽበቱ የት ጋ እንደሚያበቃ ለማየት ወደ ካሜሊያው ዛፍ ቀና አለች። እዚያ ወይዘሮ ኦካቤ ጎንበስ ብለው የወደቀ አበባ አነሡ። አበባው የነበረበት እርጥብ ሽበት ጎድጎድ ብሎ ቀረ።

አገኘችው። አበባው ግድግዳ ላይ፣ የወደቀበት ቦታ ሳህን ላይ። ቀሪውን እንግዳው ራሱ ያገናኘዋል። የራሷ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ማውጣት ብቻ ነበር የቀራት። ነገር ግን ልጅቷ አበባውን ባታይ ኖሮ እሷ ጎድጓዳውን አታይም ነበር፤ ይህም አናደዳት።

"ላጲስ አለሽ?"

"ምን አጠፋሁ?"

"ነገ ይሄ አበባ ግድግዳው ላይ አለ። ወይዘሮዋ ነግረውኛል። አንቺ እንድታውቂ አልፈለግኩም ነበር።"

ሪካኮ አየቻት። "ታዲያ አሁን ለምን ነገሩኝ?"

ቺዙሩ አበባውን አጠፋችና ቦታውን በቀስታ አጠቆረችው።

"ይሄ የኔ አይደለም እኮ" አለች ሪካኮ ቀስ ብላ።

"የኔም አይደለም። ስምሽን ጻፊ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።"

ሪካኮ ጻፈችና እርሳሱን መለሰችላት። ቺዙሩ ከልጅቷ ስም ሥር የራሷን ጻፈች፤ ትንሽ ደመቅ አድርጋ።