ጨርቅ የሌለው ስፌት

ሰውየውን ሁሉም የሚጠራው "ጆሮ" እያለ ነው። ሠላሳ ዓመት የስፌት መኪና ሲጠግን፣ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጥ ልማዱ ነው። "እስቲ አንዴ ርገጪያት" ይላል፤ ባለቤቲቱ ትረግጣለች፤ እሱም "መርፌዋ ጎብጧል" ብሎ ይፈርዳል። አይስትም። ይኸው የማይስት ጆሮ ነው እንግዲህ የሚስቱን ሳል ሰምቶ "ጉንፋን ነው፣ ይለቅሻል" ያለው። ጉንፋን አልነበረም። ከቀበራት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ያቺ ቃል ግን ዛሬም ከጆሮው አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ደከመው። የደከመው ሥራው አይደለም፣ ሰው ነው። የጎረቤት ባለሱቅ "መኪናውን ይጠግናል፣ አፉን ግን ሰፍቶታል" እያለ ያሾፍበታል። የሚስቱ መኪና ከሱቁ ጥግ በአሮጌ አንሶላ እንደተሸፈነች ቆማለች፤ ሲገባም ሲወጣም ፊቱን ያዞርባታል።

ይህን ያየችው ልጁ፣ ከሌላ ከተማ ልትጠይቀው በመጣች ጊዜ ስልኩን ቀምታ ሰፊዎችና ጠጋኞች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ዶለችው። "አባዬ፣ ከሰው ጋር ማውራት ካስጠላህ ከመኪና ጋር አውራ" አለችው። ግሩፑ ውስጥ ሰው የታመመች መኪናውን ድምፅ ቀርጾ ይልካል፤ የሚያውቅ ይመልሳል። ጆሮ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን እያላመጠ ያዳምጥና በሁለት ቃል ይገላገላል። "ዘይት አጠጧት።" "ቺንጋዋ ላልቷል።" ሰላምታ የለ፣ ደህና ዋሉ የለ።

ከሁሉ የምታሰለቸው ፎቶዋ ላይ የተጠቀለለ ሜትር ያደረገች አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። "መኪናዬ ደህና አይደለችም፣ እስቲ ስሙልኝ" እያለች ነጋ ጠባ ትልካለች። ሌሎቹ ይህን ፍቺ፣ ያንን እሰሪ ይሏታል። አንድ ቀን ጆሮ ራሱን እየፈለጠው ሳለ በሳምንቱ አራተኛው ድምፅ መጣ። አዳመጠ። ደገመው። ጨርቅ የሚወጋ መርፌ ድምፁ አፈን ያለ ነው፤ ይኼኛው ግን የሚወጋው ነገር የለውም። ሳያመነታ ጻፈ፦ "ይቺ መኪና ምንም አልሆነችም። ሥሯ ጨርቅ የለም፤ ባዶዋን ነው የምትረግጪያት። ሰው ሥራ አለው፣ አታድክሚን።"

አራት መቶ ሰው አነበበው። ገሚሱ የሳቅ ምልክት ለጠፈበት። ሴትዮዋ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከግሩፑ ወጣች።

በማግስቱ፣ ምን እንዳስከፈተው እንጃ፣ ድምፁን እንደገና ሰማው። መኪናዋን ትቶ ከኋላዋ ያለውን አደመጠ። ሴትዮዋ ፔዳሉን በለቀቀች ቁጥር በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ አፍንጫዋን ትስባለች። ሰው እያለቀሰ ነበር የሚረግጠው! መኪናውን ሰምቶ ሰውን ዳግመኛ ሳተ። በራሱ አፈረ።

ለብቻዋ "ይቅርታ" ብሎ ጻፈ፤ አጠፋው። እንደገና ጻፈ፤ አጠፋው። ቃል እንደማይሆንለት ሲገባው ተነሥቶ አንሶላውን ከሚስቱ መኪና ላይ ገፈፈ። መርፌዋ ሥር የነበረውን ጨርቅ ቀስ ብሎ ሳበ፤ ዘይት አጠጣት፤ ባዶዋን አንድ ደቂቃ ረግጦ ቀረጸና ላከላት። "የሚስቴ ናት። ከሞተች ወዲህ ቆማ ነበር። ምን ይሰማሻል?"

 በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በድምፅ መለሰች፤ የዛለ ድምፅ ነው። "ጋሼ፣ ይቺም ባዶዋን ነው የምትሮጠው።" ቀጠለች። "ልጄ ከሞተች ጀምሮ ጨርቅ መቁረጥ አቃተኝ። እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ናት። የመኪናው ድምፅ ከቆመ ትደነግጣለች፤ እሷን ብዬ እረግጣለሁ። አንድ ሰው ባዶ መሆኑን እንዲሰማልኝ ነበር መሰለኝ የምልከው። ሲሰማልኝ ደግሞ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።"

ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፁ መለሰ። "ይቅር በዪኝ፣ እህቴ። እኔ የሚስቴን ሳል ጉንፋን ነው ያልኩ ሰው ነኝ። በጆሮዬ አትተማመኚ።"

"ሰፊ መኪናዋን ባዶ አድርጋ አትነሣም" አለችው። "ቁራጭ ጨርቅም ቢሆን ከመርፌዋ ሥር ትተዋለች። የእሳቸው መኪና ሥር ምን ነበር?"

"የትራስ ልብስ። ሦስቱን ጎን ሰፍታ አንዱ ቀርቷታል።"

"ይጨርሱላቸዋ። እየሰፉ ይቅረጹልኝ፤ እኔ እሰማለሁ።"

"እኔ ጠጋኝ ነኝ እንጂ ሰፊ አይደለሁም።"

"ጠማማ ይሁና፣ ጋሼ! ማን ያየዋል?"

የሱቁን በር ገርበብ አደረገና ተቀመጠ። ክሩን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ሰባት ጊዜ ሞከረ። ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ወዲያና ወዲህ አለ። እዳር ሲደርስ እግሩ ከፔዳሉ ላይ አልነሣ አለው፤ የትራሱን ልብስ ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ልቅሶውም አብሮ ተቀርጿል። ሳይቆርጠው ላከው።

ሱቁን ሊዘጋ ሲል ስልኩ ጮኸ። ጽሑፍ የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ መቀስ ሰማ፤ ጨርቅ እየቆረጠ ነው፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይቆርጣል። ከዚያ ፔዳሉ ተረገጠ፤ የመርፌው ድምፅ አፈን ያለ ነው። እስኪያልቅ ሰማው።

"መኪናዋ ደህና ናት" ብሎ ጻፈ። ሊልከው ሲል ጣቱን መለሰና ጨመረበት፦ "አንቺስ? ስታወሪኝ ድምፅሽ ደክሞ ነበር። ጉንፋን ነው አልልሽም፤ አንቺው ንገሪኝ።"