ሳይነግረኝ አይሞትም

«ነጠላዬን ተዪው አልኩሽ!»

ወይዘሮ ይማርሽ የልጃቸውን እጅ ቸብ አደረጉት። ማርያማዊት እጇን ሰበሰበች። የድንኳኑ ሴት ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ጥለቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ፣ የሟች እናት ብቻ ቅዳሴ እንደሚሄድ ሰው አምረው ለብሰው፣ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ሐዘን ከተቀመጡ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣቸውም። ከአሸተን ማርያም ሥር፣ ከኩልመስክ ሳይቀር የመጣው ለቀስተኛ «ወየው!» እያለ ይገባና እሳቸውን ሲያይ ለቅሶው አፉ ላይ ይቀራል።

«እማዬ፣ ቀብሩን በቴሌቪዥን አይተሽ የለም ወይ?» አለች ማርያማዊት በሹክሹክታ።

«ከዚህ በፊትስ ሦስት ጊዜ ሲቀበር በቴሌቪዥን አይቼ የለም ወይ?»

እውነታቸውን ነው። ወንድሟ ጥሩሰው ስመ ጥር የፊልም ተዋናይ ነበር፤ ይበልጥ የታወቀው ግን በመሞት ነው። ገና ልጅ ሳለ «ዳዊት ድገም» ሲባል ደጅ ላይ ተዘርሮ «ሞቻለሁ» ይል ነበር፤ ውሃ ቢያፈሱበት እንኳ ዓይኑ አይርገበገብም። አዲስ አበባ ሄዶ መጀመሪያ ያገኘው ሚናም የሬሳ ነው። ቀረጻው አልቆ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ሬሳው አልተነሣም። ለካስ እንቅልፍ ወስዶታል። «እንዲህ አድርጎ የሚሞት ሰው ከየት ይገኛል!» አለ የፊልሙ አዘጋጅ፤ ከዚያ ወዲህ ጥሩሰው በጥይትም፣ በመርዝም፣ በፍቅርም ሲሞት ኖረ።

ጉዱ የፈላው የመጀመሪያው ትልቅ ፊልሙ ላሊበላ ቪዲዮ ቤት የገባ ቀን ነው። ተመልካቹ ዋይ ዋይ እያለ ከቪዲዮ ቤቱ በቀጥታ ወደ ሟች እናት ቤት ወጣ። ወይዘሮ ይማርሽ ፊታቸውን ነጩ፣ ጸጉራቸውን ተላጩ። በሦስተኛው ቀን ሟች ስኳርና የሐር ሻሽ ይዞ ከአውቶቡስ ወረደ። እናቱ በጥፊ አሉት፤ ሳሙት፤ ደግመው በጥፊ አሉት። ከዚያ ሻሹን በተላጨ ራሳቸው ላይ አስረው፦

«በል በቅዱስ ላሊበላ ማልልኝ፤ ከእንግዲህ ሳትነግረኝ አትሞትም!» አሉት።

ማለ። መሐላውንም ጠበቀ። ፊልም በወጣ ቁጥር ቀድሞ ይደውላል። «እማዬ፣ ደግሞ ሞቻለሁ። እንዳትደነግጪ። ለገና እመጣለሁ።» ለገናም ይመጣል።

አሁን ግን አልደወለም። እሱ በታመመበት ሳምንት በአገሩ ኔትወርክ አልነበረም፤ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። መርዶውን የሰሙት ከጎረቤት ዲሽ ነው፤ ቤተሰቡ ሳይደርስ ተቀበረ። ስልኩ ትናንት መሥራት ስለጀመረ እናቱ ይኸው ጥሪ ይጠብቃሉ።

«መስመር ጠፍቶ ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«መስመር ቢጠፋ ሰው ይልካል። ጥሩሰው በላሊበላ ምሎ አይከዳም።»

ማርያማዊት እናቷ ዛሬ ካላለቀሱ፣ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሐዘኑ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻቸውን እንዳያገኛቸው ፈራች። አልቃሿም የቻለችውን ሞከረች፦

«ስንት ጊዜ ሞቶ፣ ስንቴ ተነሣ፤
ዘንድሮስ ምን ነካው፣ መነሣት ረሳ!»

ሴቱ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ወይዘሮ ይማርሽ ስልኩ ቻርጅ እንዳለው አዩ።

ይሄኔ ደጅ ላይ ጭቅጭቅ ተሰማ። ማርያማዊት ብትወጣ አጎቷ አያ ደባሱ ዱላቸውን በሩ ላይ አጋድመው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ሻንጣ የያዘ ረዥም ሰው አለ። ወዲያው አወቀችው። አራጋው ነው፤ ወንድሟን በአራት ፊልም የገደለው ተዋናይ፤ አዲስ አበባ ሰባት ዓመት አንድ አልጋ የተጋራ ጓደኛው።

«አያ ደባሱ፣ ያ እኮ ፊልም ነው!» አለች።

«ፊልም መሆኑን አጥቼው ነው? ፊልምስ ቢሆን አራት ጊዜ ምን አስቸኮለው! በእኛ አገር ደም ያለበት ሰው ድንጋይ ሳይሸከም ሐዘን ቤት አይገባም።»

አራጋው አልተከራከረም። ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣ።

«ይቺ?» አሉ አያ ደባሱ። «ይቺማ ለአንዱ ፊልም እንኳ አትበቃ!»

አስቀመጣትና ሌላ አነሣ፤ ትልቅ። ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በዱላው ሥር አልፎ ገባ። ወይዘሮ ይማርሽ ፊት ተንበረከከ።

«ይማሩኝ፣ እማማ።»

«ስለ የትኛው ፊልም ነው?»

«ስለ ፊልሙ አይደለም። ስለዘገየሁ ነው። መንገድ አጥቼ ነው እንጂ መልእክት ተልኬ ነበር።»

ወይዘሮ ይማርሽ ወደፊት ዘንበል አሉ።

«ሆስፒታል ተኝቶ ሦስት ቀን ሙሉ ደወለልዎ። ስልኩ እምቢ ሲለው፣ ‹አንተ ሂድ፤ ምያለሁ› አለኝ። ‹እማዬ፣ ሞቻለሁ። እንዳትደነግጪ በላት› አለኝ።»

ወይዘሮ ይማርሽ ቀሪውን ጠበቁ።

«ከዚያስ?»

አራጋው ማጅራቱ ላይ ያለውን ድንጋይ በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ።

«ለገና እመጣለሁ አላለም?»

አራጋው በፊልም አንድ ቀን እንኳ ማልቀስ ያልሆነለት ሰው ነው፤ ለእሱ የሽንኩርት ውሃ ነበር የሚጨመቅለት። አሁን እንባው በድንጋዩ ጥላ ሥር ጠብ ጠብ አለ።

«አላለም፣ እማማ።»

ወይዘሮ ይማርሽ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከማጅራቱ አውርደው አጠገባቸው አኖሩት። ስልካቸውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ነጠላቸውን አወለቁና ጥለቱን ፈልገው ወደ አንገታቸው ሊያዞሩት ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው።

ማርያማዊት ልታዘቀዝቅላቸው እጇን ዘረጋች። አሁን ግን አልመቷትም።