የጓድ ዘውገ የሰም ጭንቅላት

ቀበሌያችን ለሜይ ዴይ ያዘዘው የአንድ ወዛደር ጭንቅላት ነበር። ልጄ ፈለቀ ምናለሽ ተራ ነሐስ አቅላጭ ስለሆነ ሥራው ለእሱ ተሰጠ። ሊቀመንበሩ ጓድ ዘውገ ጠርቶኝ፣ «ለበዓሉ ካደረሰ፣ ለቀበሌው ያስፈልጋል ብዬ ከብሔራዊ ውትድርና አስቀረዋለሁ። ካላደረሰ እንደማንኛውም ወጣት ይሄዳል» አለኝ። ሌላ ልጅ የለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ፈለቀ መጀመሪያ ጭቃና የአህያ ፋንድያ አቡክቶ ድቡልቡል ነገር ሠራ። ሲደርቅ ከጎጃም በረንዳ ያመጣሁለትን ሰም አለስልሶ አለበሰውና በስንጥር ዓይንና አፍንጫ ያወጣለት ጀመር። ጓድ ዘውገ በየቀኑ እየመጣ ያያል።

«የወዛደር አገጭ ሰፋ ይላል» አለ አንድ ቀን፣ የራሱን አገጭ እየዳበሰ። ፈለቀ አሰፋው።

«ቅንድቡም ገጠም ይበል» አለ በማግስቱ። ፈለቀ አገጣጠመው። ሥራው ሲያልቅ ወዛደሩ ጓድ ዘውገን ሆኖ ቁጭ አለ።

«እንግዲህ ጭቃ ለብሶ እሳት ይገባል» አለ ፈለቀ።

«ማን?» አለ ጓድ ዘውገ።

«ሰሙ። ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ቦታ ነሐስ እናፈሳለን።»

«እኔን ልታቀልጠኝ ነው?»

«እርስዎን አይደለም ጓድ፣ ሰሙን ነው።»

«ይሄ ፊት ሰም ነው?»

ፈለቀ ምን ይመልስ? ሰም ነው ቢል ንቀት ይሆናል፤ እርስዎ ነዎት ቢል ደግሞ ሊቀመንበር ለማቅለጥ መዘጋጀቱን በገዛ አፉ መናገሩ ነው። ጎንበስ ብሎ ስንጥሩን መጥረግ ጀመረ።

«ያለ እኔ ትእዛዝ እሳት እንዳይነካው። ሐሙስ የበላያችን የከፍተኛው ተወካይ ለስብሰባ ሲመጡ አዳራሹ ውስጥ ያዩታል» ብሎ ሄደ።

ለበዓሉ የቀረው ሁለት ሳምንት አይሞላም። ጭቃው ለመድረቅ ብቻ አንድ ሳምንት ይፈልጋል።

ሐሙስ ዕለት ጭንቅላቱን በእርጥብ ነጠላ ጠቅልዬ በአንዋር መስጊድ በኩል ወጣሁ። መሠረተ ትምህርት አብራኝ የምትማረው ቅመም ነጋዴዋ ሀጅራ አየችኝ።

«ባይነሽ፣ ምን ተሸክመሽ ነው?»

«ጓድ ዘውገን።»

«ይከብዳል?»

«ውስጡ ጭቃ ነው።»

«እሱንስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«እኔ ስለ ጭንቅላቱ ነው የምልሽ!»

«እኔስ ስለምን አልኩሽ?»

አዳራሹ ውስጥ መስኮት ሥር ያለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የሚያዝያ ፀሐይ ነው፤ ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ስብሰባው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ አፍንጫው ማብረቅረቅ ጀመረ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ነጠላዬን ውኃ እየነከርኩ ግንባሩንና ጉንጩን ዳበስኩት።

«እኚህ እናት ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ተወካዩ ንግግራቸውን አቋርጠው።

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን፣ ስትጠየቁ ተነሥታችሁ ሳትፈሩ መልሱ ብላናለች። ተነሣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበሩ እንዳይቀልጡ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ ጀምሮ ወደ መፈክር ለወጠው።

«ልጄ ነሐስ ሊያደርጋቸው ይፈልጋል» አልኩ፤ ከጀመርኩ ልጨርሰው ብዬ። «መጀመሪያ ግን እሳት ገብተው መቅለጥ አለባቸው። እሳቸው አልፈቀዱም። ካልፈቀዱ እዚሁ በፀሐይ ይቀልጣሉ፤ ልጄም ወታደር ቤት ይሄዳል።»

ተወካዩ ሰሙን አዩ። ጓድ ዘውገን አዩ። እንደገና ሰሙን አዩ።

«ወዛደር ነው የተባልኩት» አሉ።

«ወዛደር ነው ጓድ!» አለ ጓድ ዘውገ ብድግ ብሎ።

«ወዛደር ከሆነ ምን ችግር አለው? ይቅለጥ።»

በዚያው ቀን ማታ ሥራ ጀመርን። ነሐሱ ሲፈስ የውስጡ ጭቃ እንዳይንቀሳቀስ ምስማር ይወጋበታል፤ ምስማሩን ጓድ ዘውገ በሌለበት ወጋነው። ፈለቀ በቀጭን ጭቃ ቀባው፤ ሲደርቅ በወፍራም ደገመው። እኔ ዝናብ እንዳያረጥበው ደመና ደመናውን እያየሁ ሰነበትኩ። በመጨረሻ ነሐስ የሚገባበትን ቀዳዳ ወደ ታች አድርጎ እሳት ላይ አስቀመጠውና ሰሙ ተንጠባጥቦ አለቀ። ከእንግዲህ ነሐሱ ካልሞላ ሌላ ጭንቅላት የለንም። የአሮጌ ቧንቧና የጥይት ቀለህ ቅላጩን ሲያፈስ ፊቴን አዞርኩ።

በማግስቱ ጭቃውን ሰበረው። አገጩም ቅንድቡም ሙሉ ነው።

«እማዬ፣ አውራ ጣትሽ» አለ ፈለቀ።

ጉንጩ ላይ፣ ከዓይኑ ሥር፣ በስብሰባው ቀን ስዳብሰው ያረፈ የአውራ ጣቴ አሻራ ከነመስመሩ ነሐስ ሆኖ ተቀምጧል። ስሜን መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ የትም ቦታ አሻራ አስቀምጬ አላውቅም ነበር።

«በሞረድ ይጠፋል» አለ ፈለቀ። ሞረዱን ሲያነሣ ጓድ ዘውገ ገባ።

«ፊቴን በሞረድ? እንዳትነካ!»

ስለዚህ እንዳለ ቀረ።

ለሜይ ዴይ መጋረጃው ሲገለጥ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጓድ ዘውገ ደስ ብሎት ነበር፤ «ፈለቀ አይሄድም» አለኝ በጆሮዬ። ተወካዩ ነሐሱን እየዞሩ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ልጄን ጠሩት።

«የእኛም ከፍተኛ አንድ ወዛደር ያስፈልገዋል» አሉት፣ የራሳቸውን አገጭ እየዳበሱ።

ነጠላዬን አጣፍቼ ሰም ልገዛ ወደ ጎጃም በረንዳ ወረድኩ።