የሎሬል አምስተኛ ፋውል

ፊሽካው ሲነፋ ሎሬል እጇን እንኳ አላወረደችም ነበር። ሁለት እጇ ወደ ጣሪያው ቀጥ ብሎ፣ እግሯ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ የስቶኒ ጋፕ ኮሌጇ ኪንሊ ራሷ እየበረረች መጥታ የሎሬል ደረት ላይ ተላተመችና ወለሉ ላይ ተዘረጋች። ዳኛው ደግሞ የወደቀችውን አይቶ የቆመችውን ቀጣ። ሁለተኛ ፋውል! የመጀመሪያው ሩብ እንኳ ሳያልቅ!

"ኧረ በፈጠረህ! እኔ ነኝ እሷን የነካኋት?" አለች ሎሬል።

ዳኛው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ከቅርጫቱ ጀርባ የታጨቁት የስቶኒ ጋፕ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ጣታቸውን ቀስረው አዳራሹን ቀወጡት። ይጩሁ፣ ቤታቸው ነው። የቅርጫት ኳስ ሊጉ ፍጻሜ የሚደረገው በዓመቱ ብዙ ባሸነፈው ቡድን አዳራሽ ስለሆነ፣ ሎሬልና የብራሽ ክሪክ ልጆች ያንን ሁሉ የኬንታኪ ተራራ በአውቶቡስ ዞረው የመጡት ሰው ቤት ሊጫወቱ ነው።

ሎሬል አሰልጣኟን ዞር ብላ ሳታይ የሚመጣውን አውቃለች። አሰልጣኟ ፕሬተር ሕግ አላቸው። በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ፋውል ያገኘች፣ ማንም ትሁን ማን፣ እስከ እረፍት ወንበር ላይ ናት። አምስት የሞላባት ከጨዋታው ስለምትባረር፣ ጎበዟን ለመጨረሻው ማቆየት ነው ነገሩ። ከአገሩ አሰልጣኝ ግማሹ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ሌላው ሲያደርግ ስላየ ነው።

"ሜይቤት፣ ግቢ!" አሉ ፕሬተር።

ሜይቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት። ልቧ ሙሉ ነው፣ ግን ሰውነቷ ገና አልጠነከረም። የስቶኒ ጋፕ ልጆች እንዳዩዋት ኳሱን ሁሉ በእሷ በኩል ይጭኑባት ጀመር። ሎሬል ወንበር ላይ ተቀምጣ ፎጣዋን በጥርሷ ነክሳ ታያለች። የሰበሰቡት ብልጫ ዓይኗ እያየ ቀለጠ።

ዓምናም እዚሁ ፍጻሜ ላይ እንዲሁ ነበር ያደረጓት። አቆይተው፣ አቆይተው፣ ሲያስገቧት ጨዋታው ከእጃቸው ወጥቷል። ሦስት ፋውል ብቻ ይዛ ነው ያን ቀን ወደ ቤቷ የተመለሰችው። የተረፉትን ሁለቱን ምን ታድርጋቸው? አይበሉ፣ አይለበሱ!

ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ያሸነፈ ወደ ብሔራዊው ውድድር ያልፋል፤ ብራሽ ክሪክ ደግሞ ከተመሠረተ ጀምሮ አልፎ አያውቅም። ከተሸነፉ ለሎሬል ኳስ በዚሁ አበቃ። የሚፈልጋት ትልቅ ቡድን የለም፣ ከሰኞ ጀምሮ አባቷ ጎሚስታ ቤት ጎማ ስትፈታ ነው የምትውለው። ጎማውን አትጠላውም። የምትጠላው የመጨረሻ ጨዋታዋን እንደ ተመልካች ቁጭ ብላ ማየትን ነው፤ ያውም ቲኬት ሳትቆርጥ።

እረፍት ላይ መልበሻ ክፍል ሲገቡ ዘጠኝ ነጥብ ተመርተዋል። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው የተላጠ ብርቱካን ይመጥጣሉ። ረዳት አሰልጣኙ ዶይል፣ ዋና ሥራው የሰው ፋውል መቁጠር የሆነ ሰውዬ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሎሬል ሦስተኛውን ካገኘች ወዲያው ትውጣ። አራተኛውን ካገኘች እስከ መጨረሻው ደቂቃ—"

"እስከ መጨረሻው ደቂቃ ምን?" አለች ሎሬል፤ ቆሽቷ አሯል። "ማቀዝቀዣ ውስጥ ልትከቱኝ ነው?"

"ሎሬል!" አሉ ፕሬተር።

"አይ ኮች፣ ዛሬስ እናገራለሁ። ፋውሉ የኔ ነው አይደል? አምስት ሰጥተውኛል፣ አምስቱንም ልጫወትበት! ብባረር ተጫውቼ ልባረር። እርስዎ እኮ እነሱ አምስት ፋውል አስሞልተው እስኪያስወጡኝ አይጠብቁም፣ በሁለት ያስወጡኛል። ለነሱ ነው እንዴ የሚሠሩት?"

አንዷ ብርቱካኗን መምጠጥ አቆመች። ፕሬተር ጸጉራቸው በዚህ ሥራ የሸበተ ሴት ናቸው፤ እንዲህ ያናገራቸው ሰው የለም።

"ጨረስሽ?" አሉ።

"ጨርሻለሁ።"

"እንግዲያው ጫማሽን እሰሪና ግቢ። አራተኛው ሲመጣ ግን ትወጫለሽ፤ ያኔ ብታለቅሺም አልሰማሽም።"

ሎሬል እሳት ጎርሳ ወጣች። ከቅርጫቱ ሥር የሚወርደውን ኳስ ሁሉ እየለቀመች፣ ሁለት ተከላካይ ተሸክማ ኳሱን እያስገባች፣ ዘጠኙን ነጥብ ወደ ሁለት አወረደችው። ሦስተኛው ፋውል መጣ፤ ፕሬተር ጥርሳቸውን ነክሰው ሜዳው ላይ ተዉአት። ብዙም ሳይቆይ ኪንሊ ከሥሯ ገብታ፣ የሎሬልን ክንድ በብብቷ ቆልፋ ይዛ፣ እንደተወረወረች ሆና "ዋይ!" ብላ ወደቀች። እዩዋት እንግዲህ! ራሷ ይዛ፣ ራሷ ጎትታ፣ ራሷ ጮኸች። ዳኛው ነፋ። አራተኛ።

ተማሪዎቹ አራት ጣት አወጡ። ዶይል ወረቀቱን እያርገበገበ ብድግ አለ። ፕሬተር ወደ ተጠባባቂዎቹ ዞሩ።

"ሜይቤት!"

ሜይቤት አልተነሳችም። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ትፈታለች።

"ሜይቤት፣ አልሰማሽኝም?"

"ሰምቻለሁ ኮች። ክሬ ተፈቶ ነው።"

"እኔ እያየሁሽ አይደል እንዴ የፈታሽው!"

"ቋጠሮው አስቸግሮኝ ነው ኮች" አለች ልጅቷ። ፊቷ ቲማቲም መስሏል፣ ግን ቀና አላለችም።

ፕሬተር ወደ ቀጣይዋ ዞሩ። ቀጣይዋም ጎንበስ አለች። ከሷ ቀጥላ ያለችውም፣ ከዚያም ወዲያ ያለችው፣ እስከ ወንበሩ ጫፍ ድረስ ሁሉም አጎንብሰው ክራቸውን ይፈታሉ። ሎሬል ሜዳው ላይ ቆማ ይህን ስታይ እንባዋ መጣ። ማንም አልተማከረበትም፣ ማንንም አልለመነችም። እያንዳንዳቸው እኮ ለመግባት ዓመቱን ሙሉ ሲጸልዩ የከረሙ ናቸው።

"እናንተ ጉዶች!" አሉ ፕሬተር በሹክሹክታ። "ሰው ፊት ልታዋርዱኝ ነው?"

ዳኛው መጣ። "ኮች፣ ቅያሪ አለዎት?"

ፕሬተር ወንበሩን አዩ፣ ሎሬልን አዩ። ዶይል በጆሯቸው "ኧረ አራት ፋውል አላት! ነገ ምን እንባላለን?" ይላል።

"ቁጭ በል ዶይል" አሉት። ከዚያ ለዳኛው፣ አዳራሹ እስኪሰማ፣ "የለኝም! የኔ ልጅ ትጫወታለች!" አሉ።

ከዚያ በኋላ እውነተኛ አሰልጣኝ ሆኑ። እጅጌያቸውን ሰብስበው መስመሩ ላይ ቆሙ። "ዞን ግቡ፣ ሁላችሁም ቦታ ቦታችሁን ጠብቁ! ሎሬል፣ መሃል ቁሚ፣ እጅሽ ሰማይ ይንካ፣ ካንቺ ያለፈችውን ተያት፣ ከኋላ እንዳትነኪ! እናንተ ከፊት ያላችሁት፣ ኪንሊ እሷ ጋ ከደረሰች ጥፋቱ የናንተ ነው!" ልጆቹም ሎሬልን እንደ እንቁላል ከበው ጠበቋት። ስቶኒ ጋፖች አምስተኛውን ፋውል ፍለጋ ደጋግመው ተላተሙባት፣ ደጋግመው ወደቁ፤ እሷ እጇን ሰቅላ እንደ ምሰሶ ቆማ ጠበቀቻቸው። በወዲያኛው ቅርጫት ግን ማን ይቻላት! አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ብራሽ ክሪክ በሁለት ነጥብ መራ።

ኳሱ ኪንሊ እጅ ገባ። የፊቶቹን ሁለቱን አምልጣ ወደ ቅርጫቱ መጣች። ሎሬል ብትተዋት ኳሷ ይገባል፣ እኩል ይሆናሉ፣ እሷም አራቱን ፋውሏን ይዛ በጭማሪው ሰዓት ትጫወታለች። ብትዘልባት እንጃ። ሎሬል ግን ለመቆየት ብላ ቆማ የምታይበት ቀን አልፏል። ዘለለች። ኳሱን አገኘችው፣ የልጅቷን እጅም አገኘችው። ዳኛው ነፋ። የዛሬው እውነተኛ ፋውል ይሄ ብቻ ነው፤ እሷም አልካደችም፣ እጇን አወጣች።

አምስት። ኪንሊ ሁለት ነጻ ውርወራ አላት፣ ሎሬል ደግሞ ወጣች። ሜይቤት ክሯን አጥብቃ አስራ ገባች።

የስቶኒ ጋፕ ተማሪዎች በፋውል የተባረረ ተጫዋች የሚሸኙበት ልማድ አላቸው። እርምጃውን እየተከተሉ "ግራ! ቀኝ! ግራ! ቀኝ!" ይላሉ፣ ቂጡ ወንበሩን ሲነካ ደግሞ ሁሉም ባንድ አፍ "ተቀመጥ!" ብለው ያፈነዱታል። ዓመቱን ሙሉ የሚደሰቱበት ጨዋታቸው ነው። ሎሬልንም "ግራ! ቀኝ!" እያሉ እስከ ወንበሯ አደረሷት።

አልተቀመጠችም። ፊቷን ወደነሱ አዙራ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ሳቃቸው ተቆረጠ። እጃቸውን እንደሰቀሉ ቀሩ።

"ኧረ ተቀመጪ!" አለ ዶይል ማሊያዋን እየጎተተ። "ወግ ነው!"

"ልቀቃት!" አሉ ፕሬተር።

ዳኛው ለኪንሊ ኳሱን ሲሰጣት ተማሪዎቹ ትዝ ብሏቸው ጸጥ አሉ፤ የራስን ልጅ በጩኸት መረበሽ ነውር ነው። የመጀመሪያው ገባ። ልዩነቱ አንድ ሆነ። ሁለተኛው ከገባ እኩል ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ብራሽ ክሪክ ያለ ሎሬል ነው።

ኪንሊ ኳሱን አነጠረች። ሎሬል ተማሪዎቹን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ ቀስ ብላ ጉልበቷን አጠፈች። ወረደች፣ ወረደች፣ ልትቀመጥ ነው! እነሱ ደግሞ ከኪንሊ ይልቅ እሷን ነው የሚያዩት። ያ ሁሉ የታፈነ ጎረምሳ መቻል አቃተውና ኪንሊ ልትለቀው ስትል "ተቀመጪ!" ብሎ ጣሪያውን ነቀነቀው። ሎሬል ቀጥ ብላ ቆመች። ኳሱ የቀለበቱን ፊት ነክቶ ተመለሰ፣ ሜይቤት ሁለት ሰው መሃል ገብታ ነጠቀችው፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ መሬት ላይ ተጠቀለለች። ሰዓቱ አለቀ።

ኪንሊ ወደ ራሷ ተማሪዎች ዞራ ምን እንዳለቻቸው እዚህ አልጽፍም።

የብራሽ ክሪክ ልጆች ሜይቤት ላይ ተከመሩ። ፕሬተር ሎሬልን አንገቷን አንቀው ሳሟትና በእጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ጠረጉ።

"ስሚ፣ ብሔራዊው ላይ ከዜሮ ነው የምንጀምረው" አሉ። "ደግሞ ሁለት ፋውል ካገኘሽ አስወጣሻለሁ፣ እወቂው!"

"አልወጣም" አለች ሎሬል፣ እና ልጆቹ ላይ ልትከመር ሮጠች።