ለቀዳዳ የተጸለየ ጸሎት

ሙንታሲር የአቅርቦት ሰንሰለት አስተዳደር ተማሪ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት። በባንግላዴሽ የወደብ ከተማ በቺታጎንግ ይህን ትምህርት የሚማር ልጅ ወደቡን አያቱ በማንኪያ የቆፈሩት ይመስል ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄደው። ለተግባር ልምምድ ፓቴንጋ ካለው የኮንቴይነር ግቢ ሲመደብ እንኳ ቢጫ ክር ያለው አዲስ ጫማ ገዝቶ መጣ።

የዚያ ቀን ሥራ ቀላል ነበር። አንዱ ባዶ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል፣ በሩ ከውጭ ይዘጋበታል። ገቢው ጨለማው ውስጥ ቆሞ ግድግዳ ጣሪያውን ይቃኛል። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየችው፣ በዚያው ዝናብም ይገባልና ሣጥኑ ፈተናውን ወደቀ። ታዲያ የሚገባ ሰው አንድ ጫማውን አውልቆ የበሩ እጀታ ላይ መስቀል አለበት። ክሬን ነጂው ጫማ ካየ ሣጥኑን አይነካም።

"ቻቻ፣ ጫማዬ አዲስ ነው እኮ" አለ ሙንታሲር፣ እንደ አገሩ ወግ ታላቁን ሰው አጎቴ ብሎ።

"እግርህም አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ስቀል!" አሉት የግቢው አለቃ ኩዱስ።

"ስቀለው እንጂ ሙሽራው!" አለ ታውሲፍ እየሳቀ። ታውሲፍ የክፍል ጓደኛው ብቻ አይደለም፤ የእጮኛው ወንድም ነው። "ለሠርግህ ተለማመድ!"

ሙንታሲር አንዱን ጫማ ሰቅሎ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። አንዴ ቀና፣ አንዴ ጎንበስ አለና "ደህና ነው! ክፈት!" ብሎ ጮኸ።

የኩዱስ ድምፅ ራቅ ብሎ ሌላ ሰው ሲቆጣ ተሰማ። ከዚያ የክሬኑ ሞተር አጓራ። ወለሉ ተነቃነቀና ወደ ላይ ተነሣ።

ያኔ ነፍሱ ጫማ በሌለው እግሩ በኩል ልትወጣ ደረሰች። ጮኸ፤ ጩኸቱ ብረቱን መትቶ ጆሮው ላይ ተመለሰ። ስልኩን አወጣ፤ ስልኩ በብረቱ መሃል ኔትወርክ አጥቶ ዲዳ ሆኗል። ሣጥኑ ጓ ብሎ አንድ ነገር ላይ አረፈ፣ መንቀጥቀጥም ጀመረ። የጭነት መኪና!

ያልተማረ ሰው ቢሆን በደፈናው ፈርቶ ይገላገል ነበር። የተማረ ሰው ግን የሚፈራው በቅደም ተከተል ነው። መኪናው ወደ ወደቡ በር፣ ከበሩ ወደ መርከብ፣ ከመርከብ ወደ ስሪ ላንካ፣ ኮሎምቦ። ፈተና ላይ "ባዶ ኮንቴይነር እስኪፈለግ ወደብ ላይ ሊከርም ይችላል" ብሎ ጽፎ መምህሩ ጎበዝ ብለውታል። አሁን ያቺ "ሊከርም ይችላል" እንደ እባብ ጉሮሮው ላይ ተጠመጠመች። ላቡ ከመብዛቱ የተነሣ ሣጥኑ ውስጥ ዓሣ ማርባት ይቻል ነበር።

"ያ አላህ! ቀዳዳ ስጠኝ!"

ያ ግቢ ከተከፈተ ጀምሮ ለቀዳዳ የጸለየ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። በአራት እግሩ እየዳኸ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ። ጥግ ላይ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ ዝገቱ በጣቱ ሥር ተፈረፈረና የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብርሃን ብቅ አለች። አይ "ደህና ነው" ማለት! በቁልፉ እየፋቀ አሰፋት፤ አፉን ገጥሞ ጮኸ። የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። ትንፋሹ እያጠረ ሲሄድ የቀረችውን ጫማ አወለቀ፣ ክሯን መዘዘና ጫፏን በቀዳዳው አሾለከ።

ወደ ውጭ ገፋ፣ መለስ አደረገ። ገፋ፣ መለስ አደረገ። መኪናው ቆመ። የወደቡ በር መሆን አለበት። እዚህ ያላየው ሰው ከእንግዲህ አያየውም። ጣቶቹ ደነዘዙ።

ድንገት ክሩ ተወጠረ።

ሙንታሲር ሳበ። ከውጭም ሳቡ።

"እዚህ ነው! ቻቻ፣ እዚህ ነው! በአላህ ክፈቱት!" አለ የታውሲፍ ድምፅ ከውጭ።

በሩ ተበረገደ። ታውሲፍ አንዱን ጫማ እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ኩዱስ ከኋላው ያለከልካሉ።

"የሙሽራ ጫማ መስረቅ የኛ የሙሽሪት ወገን ወግ ነው ብዬ..." አለ ታውሲፍ። "ሮሾጎላ ጣፋጭ ካልጋበዝከን አንሰጥህም ልልህ... ከአጥሩ ጀርባ ደብቄው ስመለስ ሣጥኑ የለም። ቁጥሩን አልያዝኩም! ሁሉም ሰማያዊ! በየመኪናው ሥር ስሮጥ ይችን ቢጫ ባላይ ኖሮ... እህቴን ምን እላት ነበር?"

ሙንታሲር ሊመታው እጁን አነሣ፤ ጣቶቹ ግን አልጨበጥ አሉት።

"ሣጥኑስ?" አሉ ኩዱስ። "ቀዳዳ አለው?"

"አለው" አለ ሙንታሲር ቁጭ ብሎ። "አላህ ያብዛለት።"

ታውሲፍ ተንበርክኮ ጫማዎቹን አጠለቀለትና የተመዘዘውን ክር መልሶ ሊያስር ጎነበሰ። የአሳሪውም እጅ የታሳሪውም እግር ስለሚንቀጠቀጥ ያ ክር እስከ ማታ ድረስ አልታሰረም አሉ።